ነፋስ የተመረጠላት ከተማ

ላስ ቬጋስ ለኢትዮጵያዊ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ታክሲ የያዘ ሰው በአማርኛ ሰላምታ ቢሰጥ፣ ብዙ ጊዜ በአማርኛ መልስ ያገኛል። ከተማዋ ግን ከካዚኖዎቿ ሌላ የከረመ ጎረቤት አላት፦ በሰሜን ምዕራብ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የኔቫዳ የኑክሌር መሞከሪያ። ከ1951 እስከ 1992 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) 928 ሙከራ ተካሂዶበታል። 100ው ከመሬት በላይ ነበር፣ የቀረው ከመሬት በታች።

በ1950ዎቹ ካዚኖዎቹ ነገሩን ገበያ አደረጉት። እንግዳው ሲጠጣ ያድርና ጎህ ሲቀድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ብልጭታውን ይመለከታል። በ1957 አንዲት ዳንሰኛ በዋና ልብሷ ላይ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ጥጥ ለጥፋ «ሚስ አቶሚክ ቦምብ» በሚል ስም ፎቶ ተነሳች። እንዲህ መቀለድ የተቻለው በነፋሱ ምክንያት ነው። ነፋሱ ወደ ላስ ቬጋስ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ የሚያመራ ከሆነ ፍንዳታው ለሌላ ቀን ይተላለፋል፤ ወደ ምሥራቅ ከዞረ ግን ይፈቀዳል። ምሥራቁ በባለሥልጣናቱ ዓይን ሰው የሌለበት ምድረ በዳ ነበር።

በአይ 15 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነዳ ሰው መስኪትን ካለፈ በኋላ የቨርጂን ወንዝ በፈለፈለው ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል፤ የአሪዞናን ጥግ ቆርጦ ዩታ ሲደርስ ሴንት ጆርጅን ያገኛታል። ቀይ ተራራ፣ ነጭ የሞርሞን ቤተ መቅደስ፣ የጎልፍ ሜዳ። ዛሬ ወደ 100,000 ሰው ይኖርባታል። ያኔ ነዋሪዋ 5,000 ያህል ነበር፤ አብዛኛው ገበሬና ከብት አርቢ፣ መንግሥቱንም የሚያምን።

ሜይ 19 ቀን 1953 ንጋት ላይ «ሃሪ» የተባለው 32 ኪሎ ቶን ቦምብ 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ማማ ላይ ፈነዳ። እዚህ ላይ ማማው ወሳኝ ነው። ከፍ ብሎ ሰማይ ላይ የሚፈነዳ ቦምብ መሬቱን ብዙም አይነካም፤ እንዲህ ዝቅ ያለው ግን አፈሩንና ብረቱን አትንኖ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ያም አመድ ሆኖ በነፋሱ መንገድ ላይ ይዘንባል። ደመናው ሴንት ጆርጅ ላይ ሲደርስ ነዋሪው ከቤት እንዳይወጣ ተነገረው፤ አውራ ጎዳናው ላይም መኪኖች እየቆሙ ታጠቡ። ከሰዓታት በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ላሞቹም ወደ ግጦሻቸው።

ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ሲኬድ ሲዳር ሲቲ ትገኛለች። በዚያ ዓመት የጸደይ ወራት የዚህች ከተማ እረኞች በጎቻቸውን ከኔቫዳ የክረምት ግጦሽ እየነዱ መለሱ። በጎቹ አፋቸውና አፍንጫቸው ዙሪያ ቆስሎ፣ ጠጉራቸው እየተነቀለ፣ ግልገሎቻቸውም ሞተው ወይም ኮስሰው ይወለዱ ነበር። ከ4,000 በላይ አለቁ። የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ምክንያቱ የምግብ እጥረት ነው አለ፤ እረኞቹ በ1956 ፍርድ ቤት ተረቱ። ያው ዳኛ፣ ሸርማን ክሪስተንሰን፣ በ1982 መንግሥት ፍርድ ቤቱን አሳስቷል ብሎ የራሱን ውሳኔ ሻረ። ይግባኝ ሰሚው ግን ይህንንም መልሶ ሻረው።

በሰው ላይ የደረሰው ጉዳት ዋና መንገዱ ወተት ነው። አዮዲን 131 ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ላሚቱ ትግጠዋለች፣ ሕፃኑ ወተቱን ይጠጣል፣ ከዚያም አንገት ላይ ባለው የታይሮይድ እጢ ውስጥ ይከማቻል። በየ8 ቀኑ እኩሌታው እየጠፋ ይሄዳል፤ የጓሮ ላም ወተት ግን በታለበበት ዕለት ስለሚጠጣ 8 ቀን አይጠብቅም።

እንግዲህ የካንሰር አኃዝ የሚፈልግ ሰው ዩታ ላይ ግራ ይጋባል። ግዛቲቱ በካንሰር ሞት ከአሜሪካ ዝቅተኛውን ደረጃ ከሚይዙት አንዷ ናት። በዩታ የበዙት ሞርሞኖች በሃይማኖታቸው ምክንያት አያጨሱም፣ አልኮል አይጠጡም። (ቡናም ክልክል ነው፤ ለእኛ ይህኛው ሳይከብድ አይቀርም።) የጤናማው ሕዝብ አማካይ የጥቂት ከተሞችን ሕመም ይውጠዋል። ተመራማሪዎች ጉዳቱን ያገኙት ግዛትን ከግዛት በማወዳደር ሳይሆን እያንዳንዱ ሰው የት እንደኖረና ስንት ጨረር እንደደረሰው በማስላት ነው። በ1990 የታተመው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ጥናት እንደሚለው፣ ከፍተኛው ጨረር ከደረሰባቸውና ያኔ ከ20 ዓመት በታች ከነበሩት መካከል እስከ 1963 ባሉት ዓመታት በአጣዳፊ የደም ካንሰር የመሞት ዕድል 8 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1993 ደግሞ በልጅነታቸው የተጋለጡ 2,473 ሰዎች ተመርምረው 19 የታይሮይድ ዕባጭ ተገኘ፤ ከእነዚህ በብናኙ የመጣው ከ1 እስከ 12 ሊሆን እንደሚችል ተገመተ። ከ1 እስከ 12! የትኛው ታማሚ የቦምቡ እንደሆነ ማንም ሐኪም ጣቱን ቀስሮ ሊያሳይ አይችልም፤ ይህ ጥርጣሬ ደግሞ ሁልጊዜ የጠቀመው ከሳሹን ሳይሆን ተከሳሹን ነው።

ኮንግረስ በ1990 ካሣ ሲፈቅድ ጥርጣሬውን በካርታ ዘለለው፦ በተዘረዘሩት ካውንቲዎች በሙከራው ዘመን የኖረና ከተዘረዘሩት ካንሰሮች አንዱ የያዘው ሰው 50,000 ዶላር ያገኝ ነበር። አሠራሩ ሰብአዊ ነው፤ ማስረጃ ፍለጋ ታማሚውን አያንከራትትም። ካርታው ግን ነፋሱን አልተከተለም። በ1997 ብሔራዊ የካንሰር ተቋም የአዮዲኑን መጠን ካውንቲ በካውንቲ ሲያወጣ ከፍተኛ ከሆኑት አምስት ካውንቲዎች አራቱ አይዳሆ፣ አንዱ (ሚገር) ሞንታና ውስጥ ተገኙ። አንዳቸውም በሕጉ ዝርዝር ውስጥ አልነበሩም።

ሕጉ በ2024 ጊዜው አልፎበት በ2025 ታደሰ፤ ካሣው ወደ 100,000 ዶላር ከፍ ሲል ዩታ በሙሉዋ፣ አይዳሆና ኒው ሜክሲኮም ተጨመሩ። ሞንታና ግን አሁንም ውጭ ናት። ማመልከቻ መቀበል የሚያበቃው ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ነው።