ሕፃን ይዞ አገር ቤት መግባት

መስከረም ሲጠባ አዲስ አበባ ያለ የጉራጌ ሰው እርስ በርሱ «መቼ ትገባለህ?» ይባባላል። «ትገባለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለመስቀል አገር ቤት መግባት የማያጠያይቅ ነገር ነውና የሚያከራክረው ቀኑና መኪናው ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን እኛ ቤት ክርክሩ ሌላ ሆነ፤ የት እንደር?

ክርክሩን ያመጣችው አንድ ዓመት ከመንፈቅ የሆናት የልጅ ልጄ ናት። ድክ ድክ ማለት ከጀመረች ገና ጥቂት ወሯ ነው። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትከታለች፤ መኪና ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ከተቀመጠች ደግሞ ለቅሶዋ አያድርስ ነው። እናቴ እምድብር አካባቢ ትኖራለች፤ ሰማንያን ተሻግራለች። ይህችን ልጅ እስካሁን በስልክ እንጂ በዓይኗ አላየቻትም። አማቴ ደግሞ ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለች መንደር ናቸው፤ እሳቸውም አላዩአትም።

«አባዬ፣ አንድ ከተማ እንምረጥ» አለች ልጄ። «እዚያ እያደርን ቀን ቀን መንደር ደርሰን እንመለሳለን።»

እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቤት እያላት ልጅቷ ሆቴል ልታድር? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። በመስቀል ሰሞን የቤት ልጅ ውጭ አደረ ማለት፣ ለጎረቤት፣ ቤተሰቡ ተጣልቷል ማለት ነው።

ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ምርጫው ሁለት ነው። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቡታጅራ በዓለም ገና፣ በሆሳዕና መንገድ፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሁለቱም በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ። በመካከላቸው ግን ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉራጌ ተራራ ተጋድሟል። ሕፃን ይዞ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ወገን ማዳረስ የማይሞከር ነው። ስለዚህ ከተማ መምረጥ ያልነው ነገር ዞሮ ዞሮ አያት መምረጥ ሆነብን።

ልጄ ቡታጅራን ወደደች። ምክንያትም አላጣችም። መንገዱ አጠር ይላል፤ ከተማው ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ደስ ይላል። በመንገዱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። ከከተማው አለፍ ሲባል ሐረ ሸይጣን የሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ይገኛል። እኔ በበኩሌ ገደል አፋፍ ቆመው ቁልቁል የሚያዩት ሐይቅ ድክ ድክ ለምትል ልጅ አይመከርም ባይ ነኝ፤ ስሙም አላማረኝ። ጢያም ቢሆን ለእሷ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ እኛ ሰፈር ሞልቷል።

ቡታጅራን የማከብረው በሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተመራማሪዎች ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በዚያ አካባቢ ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጡ። ቤት ለቤት እየዞሩም ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገር ለቀቀ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ረጅም ልቦለድ ብዙ ለፍልፌያለሁ። እንደዚያ ያለ መዝገብ ግን ከየትኛውም ልቦለድ ይከብዳል፤ በእያንዳንዱ መስመር አንዲት እናት አለች። ከዚያ መዝገብ የተነሡ ጥናቶች ሕፃናትን በዋናነት የሚቀጥፉት የሳንባ ምችና ተቅማጥ መሆናቸውን አሳይተዋል። ተቅማጥ ማለት ደግሞ፣ በግልጽ አማርኛ፣ የውሃ ነገር ነው።

የውሃን ነገር ካነሣን ወልቂጤ ላይ ልባችን መድማቱ አይቀርም። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የከተማው ሰው ጀሪካኑን ይዞ «ውሃ ጠፋብን» ብሎ አደባባይ ወጣ። የሦስት ሰዎች ሕይወት ማለፉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ውሃ ልጠይቅ ብሎ ወጥቶ አስከሬን ሆኖ መመለስ! ከዚያ ወዲህ ወልቂጤ ሲባል ሆቴሉ ሳይሆን ጀሪካኑ ይታየኛል።

በዚያ ላይ ወልቂጤ ከቡታጅራ ዝቅ ትላለች። መስከረም ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ የወባ ትንኝ የምትበረታበት ወር ነው። ቡታጅራ ዙሪያም ቢሆን ወባ የለም ማለት አይደለም። አጎበር ለሁለቱም ይታሰራል።

ሆኖም ወልቂጤን የሚያስመርጥ አንድ ነገር አለ። ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ፣ 17 ኪሎ ሜትር ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ መነኮሳይያት ያቋቋሙት የአጣጥ ሆስፒታል ይገኛል። ሌሊት ትኩሳት ቢነሣባት ሐኪሙ በማደሪያችንና በእናቴ ቤት መካከል ነው ማለት ነው። ሕፃን ለያዘ ሰው ይህ ከማንኛውም መስህብ ይበልጣል።

እንዲህ እያልኩ ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እኛ የመስከረም እንግዶች ከተሞቻችንን የምንመዝነው በክትፎውና በአልጋው ነው። ሁለት ቀን በልተን ጠጥተን እንመለሳለን። ሕፃን ይዘን ስንመጣ ግን ጥያቄው ይለወጣል። ቧንቧው ውሃ አለው? ሌሊት ሐኪም ይገኛል? መብራት ይጠፋል? ልጅ ከመኪና ሳይጋፋ የሚሮጥበት መሬት አለ? እነዚህ ዓመቱን ሙሉ እዚያ የሚኖረው ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ለልጅ የሚመች ከተማ ለነዋሪው ይመቻል፤ ለእንግዳ ብቻ የሚመች ከተማ ግን ለነዋሪው ላይመች ይችላል።

መሮጫውን ካነሣሁ አይቀር፣ አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የጉራጌ መንደር ጀፎረ አለው፤ በቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ መንገድ። ልጅ ይቦርቅበታል፣ ከብት ያልፍበታል፣ ለቅሶና ሠርግ ይቀመጥበታል፣ ደመራ ይነድበታል። አጥር እየገፋ እንዳይቀማው በሕግና በሽማግሌ ተጠብቆ ኖሯል። ያው ሕዝብ ከተማ ሲሠራ ጀፎረውን መንደር ረስቶት መጣ። በዋናው መንገድ ዳር ሱቅ በሱቅ ላይ ተደርድሮ፣ ልጅ በባጃጅና በአይሱዙ መካከል ያድጋል።

ተዋጥቶ መሥራትም ቢሆን ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው እያወጡ መንገድ አስቀድደዋል። ዛሬ በመኪና ሽው እያልን የምንገባው እነሱ መንገድ ስለጎደለባቸው ነው። እኛ ደግሞ የጎደለብን ውሃ ነው። ውሃ ማቅረብ በመጀመሪያ የመንግሥት ግዴታ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ መንገድም ግዴታው ነበር። ለመስቀል ከምናወጣው ላይ ጥቂቱ ለምንጭ ማጎልበቻና ለጤና ጣቢያ ቢውል በሬው አይቀየመንም። መንግሥትንም ለመጠየቅ አፍ ይሰጠናል።

የእኛን ነገር የቋጩት አማቴ ናቸው። ልጄ ደውላ የሆነውን ስታስረዳቸው ሳቁና «እሷ ትቅደም፣ ታላቄ ናት። እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ ለጥምቀት እጠብቃችኋለሁ» አሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጥምቀት በጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ትንኙም ይቀንሳል። እናቴም ቀንሳ ቆርጣ ተስማማች። የእርዱን ሌሊት ቤቷ እናድራለን፤ ሌላው ቀን ወልቂጤ። የቡላ ገንፎውን ግን ማንም ሳይሆን ራሷ ታበላታለች።

አሁን የቀረኝ መኪናው ላይ የውሃ ጀሪካን መጫን ነው። የእኛም ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ስለሆነ፣ ተራችን እስኪደርስ እየጠበቅሁ ነው።