ከተማችንን በሁለት ጎማ

ባሕር ዳርን ለሚያውቅ ሰው ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ሜዳ ላይ ናት፤ ዋና ዋና ጎዳናዎቿ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዳርና ዳራቸውን ዘንባባ ቆሞባቸዋል። የቆዩት ነዋሪዎች እንደሚያጫውቱን፣ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ከተከፈቱ በኋላ ሠራተኛውም ተማሪውም ጠዋት ማታ የሚመላለሰው በእግሩ ወይም በብስክሌት ነበር። ዛሬም ቢሆን ቀሚስ የለበሰች ሴት ዘንቢሏን ከኋላ አስራ በብስክሌት ብታልፍ ዞር ብሎ የሚያይ ሰው የለም።

እኔ ግን ያደግሁት በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ወደ ባሕር ዳር ስንመጣ ብስክሌት ነድቼ አላውቅም። ያኔ ትልቋ ልጄ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወንድሟ ገና ታቅፎ የሚውል ሕፃን ነበር። ሰፈሩን ሳትለምድ የጠየቀችን ሳይክል ነው። ገዛንላት። ለሁለት ዓመት ግቢ ውስጥና በር ላይ ስትዞር ከቆየች በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ትምህርት ቤት ብቻዬን በሳይክል ልሂድ?»

አባቷ «በዚህ ሁሉ ባጃጅ መሃል? አይሆንም» አለ። እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። ግን የጎረቤቶቻችን ልጆች እየነዱ ሲሄዱ በየቀኑ እናያለን፤ የእኛዋን እስከ መቼ አስረን እናስቀምጣለን? ተነጋግረን አንድ ነገር ላይ ተስማማን፦ መጀመሪያ ከተማዋን አብረን እንወቃት። በየእሑዱ አንድ መንገድ እንሂድ፤ መንገዶቹን ስትችል ያኔ እንወስናለን። ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ይቆያል። እኔም በሠላሳ ስድስት ዓመቴ በሰዓት ከሚያከራዩት ልጆች ብስክሌት ተከራይቼ፣ ባለቤቴ ከኋላ ኮርቻውን ይዞልኝ ተማርኩ። የመጀመሪያው ቀን ልጄ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

የመጀመሪያው መንገዳችን የሐይቁ ዳር ነበር። ከጠዋቱ 12፡30 ላይ እንወጣለን፤ ፀሐዩ ሳይበረታ 3 ሰዓት ላይ ቤት እንገባለን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው፤ ማለዳ ላይ ግን ጸጥ ብሎ እንደ ጓሮ ኩሬ ይሆናል። ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ዓሣ ይዘው ሲመለሱ፣ ይብራዎች ዳር ዳሩን ሲከተሏቸው እናያለን። እዚህ ልጄ የተማረችው ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠትን ነው። ሰው ሲበዛ ወርደን እንገፋለን። ደወል መደወል «ዞር በሉልኝ» ማለት ሳይሆን «መጣሁ» ብሎ ማሳወቅ እንደሆነ አባቷ ደጋግሞ ነገራት።

ሁለተኛው መንገድ በዘንባባው ጎዳና ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ነበር። ፈተናው ባጃጅ ነው። ባጃጅ ተሳፋሪ ካየ ወደ ዳር ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ያ ጥግ ደግሞ የብስክሌቱ መንገድ ነው። ጎማ ሲሞላልን የነበረ አንድ ወጣት ጠጋኝ ሁልጊዜ የማልረሳውን ምክር ሰጠኝ። «እታለም፣ ባጃጁን አትይው። ዳር የቆመውን ሰው እጅ እይ። እጁን ካነሳ ፊትሽ ያለው ባጃጅ ይቆማል» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ልጄ ስንነዳ «እጅ!» እየተባባልን ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ጉዞውን ሲጀምር ይታያል። ዕድል ካለ ጉማሬም ጆሮውንና ዓይኑን ብቻ ከውሃው አውጥቶ ያጋጥማል።

ሦስተኛው ቤዛዊት ነው። ሜዳ ለለመደ የባሕር ዳር ልጅ እውነተኛ ዳገት ማለት እሱ ነው። አናቱ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ አለ። ግማሹን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋን ወጣን። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ዓባይ በአረንጓዴው መሃል እየተጠማዘዘ ይሄዳል፤ ጣና ደግሞ ማዶው የማይታይ ሰማይ መስሎ ይተኛል። የቤዛዊት ትምህርት ያለው ቁልቁለቱ ላይ ነው። የፊት ፍሬን በድንገት ከተያዘ ብስክሌቱ ሰውን በአፍንጫው ይደፋል፤ ስለዚህ የኋላውን ቀድሞ፣ ሁለቱንም በለሰስታ መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ከተማ ስንመለስ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሳው የቀትር ነፋስ ፊት ለፊት ተቀበለን። ከዚያ ወዲህ «ስንሄድ ቀለለን ብላችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱ» የቤታችን ተረት ሆነ።

የመጨረሻው ዘጌ ነበር፤ ጥር ላይ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራ በሆነበት ሰሞን። ያኔ አስፋልት አልነበረውም፤ ድንጋዩ እጅ ያደነዝዝ ነበር። መንገድ ላይ የልጄ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫ ካላማዳሪ ይዘን ስለነበር አባቷ ሊቀይር ሲቀመጥ «ቆይ አባዬ፣ እኔ ልሞክር» አለች። ከማሳው ዳር የነበሩ አባት መጥተው ብስክሌቱን ገልብጠው ያዙላት። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀባት። እጇ ጥቁር፣ ፊቷ አቧራ ሆኖ «ያዘ!» ስትል ሽማግሌው «እደጊ፣ ልጄ!» ብለው መረቋት።

ዘጌ የደረሱ የጫካውን ጥላ ያውቁታል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፤ በመሃሉ የእግር መንገዶች ወደ ገዳማቱ ይወስዳሉ። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን፣ በግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች አይተን ወጣን። ስንመለስ ጉልበታችን ስላለቀ ብስክሌቶቹን ጀልባ ላይ ጭነን በሐይቁ መጣን። ከተማዋ ከውሃው ላይ ብቅ ስትል ልጄ ተነስታ ቆመች። «ያ ጊዮርጊስ ነው። በዚያ ታጥፌ፣ በአደባባዩ ዞሬ፣ ትምህርት ቤቴ እዚያ ጋ ነው» እያለች በጣቷ መንገዷን አሳየችን። አባቷ ዝም ብሎ ሲያያት ቆየና «ሰኞ ትሂድ» አለኝ።

ሰኞ ሄደች። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ሰዓት እቆጥር ነበር፤ እሷ ደርሳ ትምህርት ጀምራለች።

አሁን እሷ በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ወንድሟ ያንኑ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ዘመኑ ግን ያው አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በነበረው አለመረጋጋት የተነሳ ከከተማ ወጥተን መንዳት ትተናል። ዘጌንም፣ በብስክሌት እንሄዳለን ብለን ያሰብነውን የ30 ኪሎ ሜትሩን የጢስ ዓባይ መንገድም ለእሱ በወሬ ብቻ ነው የምንነግረው። «እኔስ መቼ ነው የምሄደው?» ሲለኝ ቀን ቆርጬ የምነግረው ነገር የለኝም።

ስለዚህ ያለንን መንገድ በደንብ እንጠቀምበታለን። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመርም አለው። የልጁ የእሑድ መንገድ እሱ ነው። እዚያ ላይ ባጃጅ ሳያስጨንቀው በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው ምልክት መስጠትን፣ ሳይወዛወዝ ወደ ኋላ ማየትን ይለማመዳል። ለአንድ ልጅ ይህቺ የተከለለች መስመር ምን ያህል እንደምትጠቅም ያየሁት እዚያ ነው። እንዲህ ያለ መስመር ከየትምህርት ቤቱ በር ቢጀምር ስንት ወላጅ እፎይ ባለ! ባሕር ዳር ሜዳውን በተፈጥሮ አግኝታዋለች፤ የቀረው ቀለም ቀብቶ፣ ከልሎ፣ ማስከበር ነው።

ከልጆቻችሁ ጋር ልትጀምሩ ካሰባችሁ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ለልጁ ቁመት የሚሆን ብስክሌት፣ ሄልሜት፣ ውሃ፣ አንድ መለዋወጫ ካላማዳሪና መንፊያ ይበቃል። ማለዳ ውጡ። ከመውጣታችሁ በፊት ፍሬኑን ልጁ ራሱ ይፈትሽ። ከከተማ የሚያስወጣ መንገድ ከሆነ ስለ ሰላሙ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። እናንተ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ሁኑ፤ መንገዱን እሱ ይምረጥ።

እህቱ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ እኔ ጤና ከጠየቀች በኋላ ሁለተኛው ጥያቄዋ «የት ደረሰ?» ነው። ባለፈው እሑድ ድልድዩን ደርሶ መልስ ያለ እኔ እርዳታ ጨርሷል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ በዘንባባው ጎዳና እስከ ትምህርት ቤቱ በር ይነዳል፤ እኔ ሃያ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ቀርቼ እከተለዋለሁ።