ከደቻቱ ማዶ የጢም ነገር

ድሬዳዋ የሄድኩት ለሥራ ነው። የምሠራበት ድርጅት ጸጉር የሚያነሣ ክሬም ያስመጣል፤ ለማሸጊያው የሚሆነውን አማርኛ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ያልተፈለገ ጸጉርን ያስወግዳል።» ሁለት ደቂቃም አልፈጀብኝ። ናሙናውን ይዤ ሱቆቹን ልዞርና ማታ አክስቴ ቤት ልደር ብዬ ከከዚራ በባጃጅ ወደ ደቻቱ ወረድኩ።

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት አሸዋ ነው። ከወዲህ የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቀየሰው ከዚራ፣ ቀጥ ያለ ጎዳናና የዛፍ ጥላ፤ ከወዲያ መጋላ፣ ጠባብ መንገድና የቀፊራ ገበያ ግርግር። ስትሻገሩ የወንዶቹ ፊት ሳይቀር ይለወጣል። ከዚራ ያየኋቸው ወጣቶች ጢማቸው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ቀፊራ አካባቢ የተቀመጡ አዛውንት ጢም ደግሞ ብርቱካን መስሏል፤ ሽበትን በሂና ማቅላት እዚህ የቆየ ነው።

አንዷ ባለሱቅ ናሙናዬን አገላብጣ አየችና ሳቀች። «አቦ፣ እኛ ስኳርና ሎሚ አለን!» ስኳሩን ከሎሚ ጋር አፍልቶ ሲያጣብቅ ጸጉር የሚነቀልበት ዘዴ በአረቡ ዓለም «ሐላዋ» ይባላል፤ እዚያው አጠገቧ ለቡና ቁርስ ከሚሸጠው ጣፋጭ ጋር ስሙ አንድ ነው። በእስልምናም የብብትን ጸጉር ማንሣት ከንጽሕና የሚቆጠር፣ ከ40 ቀን እንዳያልፍ የሚመከር ነገር ነው፤ ለወንዱም ለሴቱም። እኛ ቢሮ ተቀምጠን «አዲስ ልማድ እናስተዋውቃለን» ስንል ነበር።

አክስቴ ቤት ከወንዙ ብዙም አይርቅም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሌሊት፣ ይህ ደረቅ አሸዋ ጎርፍ ሆኖ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ጎረቤቶቹን ያጣው የአክስቴ ባል ጢሙን ሳይላጭ ከረመ። «ምነው?» ያለው ሰው የለም፤ ያልተላጨ ጢም ሐዘን መሆኑን የሚያየው ሁሉ ያውቃል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ እንኳ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሄድ ወንድ ተላጭቶ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ድርጅታችን የጢም ዘይት ያስመጣል፤ ጥሩ ይሸጣል።

ማታ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የ13 ዓመቷ፣ ናሙናውን ከቦርሳዬ አውጥታ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበች። «ያልተፈለገ? ማን ነው ያልፈለገው?» መልስ አጣሁ። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «ለእኔ ትሰጪኛለሽ?» አለች። ክፍል ውስጥ «ጢሟ» እያሏት ነው።

ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለውን ለማየት ፊቷን ወደ መብራት ማዞር ነበረብኝ። አማርኛችን ግን አገጭ ላይ ይብቀል ከንፈር ላይ፣ ስስ ይሁን ወፍራም፣ «ጢም» ብሎ ያልፋል፤ ለልጅቷ የተረፋት ቃል የአባቶቿ ነው። ከአንገት በታች ላለው ያለን ቃል ደግሞ በዚህ መጽሔት አይጻፍም። አክስቴ ከጓዳ ሆና፣ «በእኔ ጊዜ እግሯ ጸጉራም የሆነች ልጅ ታምራለች ነበር የሚባለው» አለች። ልጅቷ አልተጽናናችም።

ክሬሙን አልሰጠኋትም። ጸጉር የሚያሟሟ ኬሚካል ነው፤ ለትልቅ ሰው እንኳ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ ተሞክሮ፣ አንድ ቀን ተጠብቆ ነው። መላጨት ጸጉሩን ያወፍረዋል የሚባለው ግን እውነት አይደለም። በዚህ ዕድሜ ስስ ጸጉር መብቀሉ ጤናማ ነው፤ አገጭ ላይ የሚወፍር ከሆነና የወር አበባም ከተዛባ ሐኪም ማየት ይገባል። ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ በማሸጊያው ላይ ያለው ቃል የእኔ መሆኑን ግን ገና አልነገርኳትም ነበር።

ነገርኳት። ከዚያም ለባሌም ያላሳየሁትን፣ በየጠዋቱ የአገጬን ሁለት ጸጉር የምነቅልበትን ወረንጦ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«አንቺም?» አለች። ድሬ ላይ «አንቱ» ብዙ አይሠራም። ወረንጦውን ከእጄ ወሰደችና አገጬን ወደ መብራቱ አዞረች። ሦስተኛም አገኘችልኝ።