የተጫዋች ልጅ ወዴት ይግባ?

እሑድ ከኳስ ሜዳ ስንመለስ በመኝታ ቤታችን የማያልቅ ክርክር ተነሥቶአል። ይኸውም የስፖርተኛ ልጅ ወደ ቡድኑ መልበሻና ማረፊያ ቤት መግባት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚል ነው።

ነገሩን ያመጣው በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ የሆነ ታሪክ ነው። አዳም ላሮሽ የተባለ የቺካጎ ዋይት ሶክስ የቤዝቦል ተጫዋች የ14 ዓመት ልጁን ዘወትር ወደ ቡድኑ ቤት ይዞ ይመጣ ነበር። የክለቡ ከፍተኛ ኃላፊ ምልልሱን እንዲቀንስ ቢጠይቁት፥ የ13 ሚሊዮን ዶላር ደመወዙን ትቶ ጨዋታውን ተሰናበተ።

ግማሾቻችን «አባት ማለት እንዲህ ነው!» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «አሠልጣኝ የሚቆጣበት፥ የተጎዳ የሚታሽበት ቤት የልጅ መዋያ አይደለም» ስንል መለስን።

ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ይሁን እንጂ በአገራችን ብዙ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን በካምፕ ስለሚያኖሩ፥ ልጁ ከመግባቱ ይልቅ አባትየው ወደ ቤቱ መውጣቱ ይቸግራል። ለእናት ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ደራርቱ ቱሉ ከወለደች በኋላ ተመልሳ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች። ጥሩነሽ ዲባባም በ2007 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወልዳ፥ ያ አሜሪካዊ በተሰናበተበት በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከሪዮ ነሐስ ይዛ ተመለሰች። ለእንዲህ ያለች እናት ልጇ ከአጠገቧ መዋሉ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

እኛ ግን የምንኖረው በቡና አገር ነው። በሚዛን ተፈሪ፥ በበበቃና በቴፒ ያደግን ሁሉ ሌላ የሥራ ቤት እናውቃለን። ቡናው ሲቀላ እናት ሕፃኗን አዝላ ትለቅማለች፤ ክፍያዋም በኪሎ ነው። ከፍ ያለው ልጅ መጀመሪያ ታናሹን ይጠብቃል፥ ቀጥሎ ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይለቅማል፥ በመጨረሻም የራሱን ቅርጫት ይይዛል። ለቀማው ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ወራት ጋር ስለሚገጥም የክፍሉ ወንበር ባዶ ይቀራል። ይህን ልጅ አትግባ ያለው የለም፤ ጉዳቱም የመጣው ከመግባቱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ታዲያ ለጸሐፊዋ ልጅ ከታሰበ የለቃሚዋ ልጅ ስለ ምን ይረሳል?

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች እንዳንባል እንጂ አሳባችን ይህ ነው። የተጫዋች ልጅ ከልምምድ በኋላ ይግባ፥ የአባቱን ድካም ይመልከት፤ አሠልጣኙ ሲናገር ይውጣ። ለለቃሚዋ ሕፃን በእርሻው ዳር ጥላ፥ ውኃና ጠባቂ ይዘጋጅለት፤ ለትምህርት የደረሰው ወንድሙም ወደ ክፍሉ ይሂድ። እኛም ተማሪዎች በለቀማው ወራት ትምህርት ያመለጣቸውን ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብናስጠና ከጥናታችን የሚጎድል ብዙ የለም።

አንባብያን ሆይ፥ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ክርክሩ አልተዘጋምና ብዕራችሁን አንሡ።