ሩብ ሰከንድ

ከዲመካ ወደ ቱርሚ ስትወርዱ መንገዱን የሚያቋርጡ አሸዋማ ወንዞች አሉ። ብዙውን ጊዜ ደረቅ ናቸው። አንዳንድ ቀን ግን እዚህ ጠብ ሳይል፣ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ ይመጣል።

ባለፈው በልግ አንድ ተማሪዬ ፍየሎቹን ሲያሻግር እንደዚያ መጣበት። እሱ ወጣ፤ አራት ፍየሎች አልወጡም። በማግስቱ ክፍል መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ምን እንደምለው ጠፋኝ። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ከ360 በላይ ሰው ሲወስድ ጂንካ ውስጥ ልጅ ነበርኩ። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ትዝ ይለኛል።

ቤት አንድ አርዱዪኖ ኡኖ ነበረኝ። መጀመሪያ የውኃ ከፍታ የሚለካ ነገር ሠራሁ፤ ሠራም። የልጁ አያት አይተው ሳቁ። ውኃው እግርህ ሥር ከደረሰ በኋላ ማን ንገረኝ አለው? ጎርፍ ከመታየቱ በፊት ይሰማል አሉ።

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማይክ ገጠምኩለት። ችግሩ እዚህ ጋ ጀመረ። የኡኖ የሥራ ማህደር 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። ድምፅን በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብትለኩ፣ እያንዳንዱ ልክ አንድ ባይት ቢይዝ እንኳ፣ በሩብ ሰከንድ ጢም ይላል። እያጣጣችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ እኔም ሞከርኩት። ግን አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ጎርፍ መጣ ብሎ ይጮኻል። ሁለት ሌሊት ሰው አስነስቶ ሮጧል። በሦስተኛው ማንም አልተነሳም።

ያኔ ነው የገባኝ። ኡኖ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ አምፖል ለማብራት፣ ሙቀት ለመለካት ይበቃል። የእኔ ጥያቄ ግን ከአቅሙ በላይ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በአውቶብስ ኢኤስፒ32 ላከልኝ። 520 ኪሎባይት ማህደር፣ እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚሮጡ ሁለት አንጎሎች። የኡኖ ፍጥነት 16 ነው። አሁን አንዱ አንጎል ሲያዳምጥ ሌላው ያሰላል፤ የብዙ ሰከንድ ድምፅ ይዞ ጉርምርምታው እየጨመረ ነው ወይስ አልፎ ሄደ ብሎ ማየት ይችላል። መኪና ያልፋል፣ ጎርፍ እየጨመረ ይመጣል። በነፃ አይደለም ታዲያ፤ ዋይፋዩን አጥፍቼበት እንኳ ከፍ ያለ ሶላርና ባትሪ ጠይቆኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ የሚመለሱ መኪናዎች እስኪመሽ አለፉ። ሣጥኑ ዝም አለ። ዝም በማለቱ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ልጁ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ቲቸር፣ ሲመጣስ ይናገራል?»

እውነተኛ ጎርፍ ገና አልሰማም። ስለዚህ እውነቱን ነገርኩት፤ «እስክናየው ድረስ አንተም ጆሮህን አትጣል» አልኩት።