ከሱሉልታ የሚወርዱት

በእናቴ አፍ «ባላገር» ስድብ አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ገና ጎሕ ሳይቀድ ከጫንጮና ከሱሉልታ የተነሡ ሰዎች በጎጃም በር አድርገው ወደ አዲሱ ገበያ ሲወርዱ፣ የአህዮቻቸው ኮቴ ከአውራ ዶሮ እኩል ጉለሌን ይቀሰቅሳታል። ኩበት፣ ጭራሮ፣ ቅቤ፣ ወተት። በሩ ሲንኳኳ እናቴ «ባላገሩ ደረሰ፣ ዕቃ አምጡ» ትላለች፤ አባባሏ «ሐኪሙ መጣ» ከማለት አይለይም ነበር።

የእኛ ወተት አምጪ ረጅም የሱሉልታ ሰው ነበር። እናቴ ስሙን ሳታጣራ ዓመታት «ኦቦ» እያለችው ኖረች፤ እሱም «እትዬ» ይላታል። ወተቱ የሚመጣው በወይራ በታጠነ ቅል ነው፤ ክዳኑ ሲነሣ ከወተቱ በፊት ጢሱ ይሸታል። እናቴ አንዲት ጠብታ አውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ታኖርና ጣቷን ዘንበል ታደርጋለች። ጠብታዋ ቶሎ ከሮጠች ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ኦቦ ይህ ፈተና እስኪያልቅ በየማለዳው ፊቱን ወደ አህያው አዙሮ ይቆማል። ታከብረዋለች፤ ግን አታምነውም።

እኛ ልጆቹ ቃሉን ይዘን ትምህርት ቤት ስንገባ ሌላ ይሆናል። እዚያ ባላገር ማለት አስፋልት ሲሻገር የሚደነብር፣ ኳስ በእግሩ ሲመጣለት በእጁ የሚይዝ ልጅ ነው። የግማሾቻችን አባቶች ከመንዝ ወይም ከሰላሌ የመጡ መሆናቸውን ረስተን ነው እንግዲህ።

«ጭሰኛ»ን ከሽማግሌዎች እንጂ ከእኩዮቼ ሰምቼው አላውቅም። የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ቃሉም ወደ ኋላ ቀረ፤ «አባቱ የእነ እገሌ ጭሰኛ ነበሩ» ሲባል ብቻ ብቅ ይላል። ከዐዋጁ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ መፈክራቸው «መሬት ለአራሹ» ነበር። ለገባሩ ወይም ለጭሰኛው አላሉም። ሰውየውን ለባለመሬቱ በሚከፍለው ሳይሆን በገዛ ሥራው ጠሩት፤ ብልህ ምርጫ ይመስለኛል። በደርግ ጊዜ ደግሞ «ሠርቶ አደር» መጣ፤ የፓርቲ አደራጁ ኮሚሽን፣ የኢሠፓአኮ፣ ጋዜጣም ስሙ ይኸው ነበር። በእኛ ደጅ ግን የዘመኑ ቃል የታወቀው በ«ገበሬ ማኅበር» በኩል ነው። ወተት የቀረ እንደሆነ ኦቦ በማግስቱ «ስብሰባ ነበር» ይላል። እናቴ ትስቃለች፤ እሷም ትናንት ቀበሌ ነው የዋለችው።

ከ1983 በኋላ ሬዲዮው «አርሶ አደር»ን አዘወተረ። ብዙ ሰው የካድሬ ቃል ነው እያለ ሲያፌዝበት ሰምቻለሁ። እኔ አላፌዝበትም። የኦቦ አገር ሰዎች በኦሮምኛ «ቆቴ ቡላ» ይላሉ፤ አርሶ የሚያድር ማለት ነው፣ ቁርጥ አርሶ አደር። ቢያንስ በዚህ ሬዲዮው ሰውየውን በራሱ ቋንቋ ልክ ጠርቶታል። ያም ሆኖ ደጃፍ ላይ ቆሞ «አንተ አርሶ አደር፣ ወተቱ ስንት ነው?» ያለ ሰው አላየሁም። ቃሉ የወረቀትና የማይክሮፎን ነበር፣ ፊት ለፊት የሚነገር አልነበረም።

ሽሮ ሜዳ ላይ የሆነው ደግሞ ግልባጩ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች፣ የየትኛውም ቀበሌ ሰዎች ይሁኑ፣ ሁሉም «ዶርዜ» ተባሉ፤ የአንድ አገር ስም የሙያ ስም ሆነ። በልጅነቴ ቃሉ ሲነገር አፍ ጠመም ይል ነበር። ዛሬ ባለሱቁ «የዶርዜ እጅ ነው» የሚለው ነጠላውን ሊያስወድደው ነው። «ባላገር»ም ቀን ወጥቶለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስም ሆኗል።

ኦቦ የቀረው እንዴት እንደሆነ ማንም አልነገረን። ወተት በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ መገዛት ጀመረ፤ አህዮቹም ከአስፋልቱ እየጠፉ ሄዱ፤ ሱሉልታም ላይ ቤትና ፋብሪካ ሜዳውን ይበላው ጀመር። አሁን አዲስ አበባ ስሙ በ«አርሶ አደር» የሚጀምር ኮሚሽን አላት። እኔ ግን ቃሉን አብዝቼ የምሰማው ከደላሎች ነው። በቅርቡ ለእህቴ ልጅ ቦታ ስናፈላልግ አንዱ «የአርሶ አደር ይዞታ አለ፣ ሰነዱ ንጹሕ ነው» ብሎ ወሰደን። ባለቤቱ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ይጠብቀን ነበር፤ በሬዎቹን ከሸጠ ቆይቷል። ቦታው ላይ ምን ይታረስ እንደነበር ጠየቅሁት። «ገብስና ባቄላ» አለኝ። ደላላው ጥያቄው አልገባውም፤ «ጂ ፕላስ ፎር ይፈቅዳል» ብሎ እሱም መለሰልኝ።