ደብዳቤ ያልጠየቁ እናት

በናይሮቢ ከሚገኙት የኢትዮጵያውያን ጸሎት ቤቶች በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ፣ ዘወትር እሑድ ከስብከት በኋላ የሚከብዳቸው ጉዳይ የደብዳቤ ጉዳይ ነበር። አንዱ ቀርቦ እጅ ይነሣና «አባባ፣ አማኝ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት ቢጽፉልኝ» ይላቸዋል። ማንዴት ያላገኘ ወይም ፕሮሰሱ የተጓተተበት ስደተኛ ነው። ሽማግሌው መዝገባቸውን ይገልጣሉ። ስንት እሑድ መጣ? ተጠምቋል? በየትኛው የቤት ኅብረት ይገኛል? መልሱ ሁሉ ተሟልቶም ልባቸው የማያርፍበት ጊዜ አለ፤ ከሁሉ በላይ ጮኾ የሚዘምረው አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ስልክ እንኳ እንደማይደውል ደጋግመው አይተዋልና። በተቸገረ ሰው ላይ መፍረድ ግን አይወዱም፤ ብዙውን ጊዜ ይጽፋሉ።

እኚህ ሽማግሌ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በእንዲህ ያለ ወረቀት ወህኒ በሚወረድበት ዘመን ነው። ደርግ በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ንብረቷን ሲወርስና መሪዎቿን ሲያስር፣ 5,000 ገደማ የነበሩት ምእመናኗ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ያዙ። ቡድኑ ሲበዛ ለሁለት ይከፈላል፤ ድምፅ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ይጠነቀቃሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ አማኝ መባል ዋጋ ያስከፍል ስለነበር መለየቱ ብዙ አያደክምም። በስደት ከተማ ነገሩ ተገለበጠ፤ አማኝ መባል መንገድ ይከፍት ጀመር።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 መጨረሻ ኢስሊ ውስጥ ፈንጂ ፈንድቶ 6 ሰዎች ሞቱ። የኬንያ መንግሥት በከተማ ያሉ ስደተኞች ወደ ዳዳብና ካኩማ እንዲሄዱ በዚያው ሰሞን አዝዞ ነበር፤ በሚያዝያ «ኡሳላማ ዎች» የተባለው አፈሳ ሲጀመር በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ብዙዎቹም ለማጣራት ተብሎ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ተወሰዱ። በጸሎት ቤቱ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ሽማግሌው መዝገባቸውን ይዘው ደወሉ፤ አብዛኛው ስልኩን ዘግቷል። በእግራቸው ቤት ለቤት ሲዞሩ ግን በየደረሱበት አንድ ነገር ሰሙ፤ «እማማ ትናንት እንጀራ አምጥተውልናል።»

እማማ የተባሉት በኢስሊ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት ናቸው። ማልደው መጥተው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ሳይቀርብ ይወጣሉ። ስማቸው በመዝገቡ የለም፤ ደብዳቤ ጠይቀው አያውቁም። (እንዲህ ያለ መዝገብ የሚያንኳኳውን እንጂ የማያንኳኳውን አያውቅም።) እርሳቸውም ማንዴት አልነበራቸውም። ለፖሊስ «ኪቱ ኪዶጎ» የሚሆን ጥቂት ሺሊንግ በመቀነታቸው ቋጥረው ጎሕ ሲቀድ ይወጡ ነበር።

አፈሳው ጋብ ሲል ወንበሮቹ እንደገና ሞሉ። ጸሎት ቤቱም ለተጎዱት ገንዘብ አዋጣ፤ የተከፋፈለው ግን በመዝገቡ መሠረት ነበር። ሽማግሌው የእማማን ስም ለመጨመር አስበው ዛሬ ነገ ሲሉ ቆዩ። በሐምሌ ብርድ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ሦስት እሑድ ባዶዋን ዋለች፤ ይህን ያስተዋለ አልነበረም። በአራተኛው ሽማግሌው ደንግጠው ሄዱ።

እማማ እግራቸው አብጦ ፍራሽ ላይ ተኝተዋል። ምጣዱ አጠገብ አንድ ወጣት ተንበርክኮ እንጀራ እየጋገረ ነው፤ የሚያወጣውም ዳር ዳሩ የተቀዳደደ ነበር። ሽማግሌው አወቁት። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጠይቋቸው ሦስቱንም ጊዜ ተጠራጥረው የመለሱት፣ ያ ጮኾ የሚዘምረው ልጅ ነው። ሐኪም ቤት የወሰዳቸውም እርሱ ነበር፤ ለታክሲው ስልኩን ሸጧል።

«እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩን?» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸውን ከልጁ አሽሽተው።

«ምን ብዬ? እናንተ ብዙ ሰው አለባችሁ።»

ሽማግሌው መዝገባቸውን አውጥተው አዲስ ገጽ ገለጡ፤ ስማቸውንም ጠየቁ። እማማ ግን የራሳቸውን ትተው ከገበያው ጀርባ በአንድ ክፍል የሚኖሩ የሁለት እኅትማማቾችን ስም አስመዘገቡ። ታናሽየዋ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከሐሙስ ወዲህ የሚደርስላት አልነበረም። ልጁ ከወጡት እንጀራዎች ደኅና ደኅናውን መርጦ በጨርቅ ጠቀለለ፤ ሽማግሌውም ቤቱን እንዲያሳያቸው ተከትለውት ወጡ።